ስለ ታብሌት ግዥና ስለ ፕሮግራሞች መስማማት

የገበሬውን ስም፣ የማሳውን ስፋትና የማዳበሪያውን ዕደላ በታብሌት መመዝገብ እየተለመደ ሄዷል፤ ነገሩም መልካም ነው። ዳሩ ግን ዕቃው ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ዋጋው፣ የመስተዋቱ ስፋትና የባትሪው ዕድሜ ነው እንጂ፣ ወረዳው አስቀድሞ የሚሠራበት ፕሮግራም በርሱ ላይ ይሠራ እንደ ሆነ አይደለም። ይህም በሬውን ሳያዩ ቀንበር እንደ መጥረብ ነው።

ፕሮግራም የሚጻፈው ለታወቀ ፕሮሰሰርና ለታወቀ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ የስም መመሳሰል ሹማምትን አያታልል። ማይክሮሶፍት በ2012 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) በዊንዶውስ አር ቲ የሚሠራውን ሰርፌስ ባወጣ ጊዜ፣ መልኩም ስሙም ዊንዶውስ ስለ ነበረ የቢሮው ፕሮግራም ሁሉ የሚገባበት ይመስል ነበር። ፕሮሰሰሩ ግን አርም ስለ ሆነ ለኢንቴል የተጻፉት የቀድሞ ፕሮግራሞች አልተጫኑበትም፤ አብሮት የመጣው ኤክሴል እንኳ ማክሮ የሚባሉትን ትእዛዞች አይፈጽምም ነበር። ኩባንያው የዕቃውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ በ2013 ዓመት 900 ሚሊዮን ዶላር ያህል ኪሣራ መዘገበ። እንዲህ ያለ ታላቅ ኩባንያ ኪሣራውን ይችለዋል፤ ወረዳው በብዙ ልመና ያገኘውን በጀት ቢያጠፋ ግን ማን ይተካለታል?

ዛሬ በአርም የሚሠራው ዊንዶውስ 11 የኢንቴሉን ፕሮግራም እየተረጐመ ያሠራል። ሆኖም የማተሚያው ድራይቨር ለአርም ካልተጻፈ ትርጉሙ አያድነውም፤ ደረሰኝ ማተም የሚያስፈልገው መሥሪያ ቤት ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

በአንድሮይድና በአይፓድም ዘንድ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። መዝገቡ በአክሰስ የተሠራ እንደ ሆነ በሁለቱም ላይ አክሰስ የለም፤ የኤክሴል ማክሮም አይሠራም። ለመስክ ቈጠራ የሚያገለግሉት ኦዲኬ ኮሌክትና ኮቦ ኮሌክት የተሠሩት ለአንድሮይድ ነው፤ ስለዚህ አይፓድ ምንም ውድና የተከበረ ቢሆን ለዚህ ሥራ አይመረጥም፤ ቅጹ በኢንተርኔት ማሰሻ የሚሞላ ካልሆነ በቀር።

ዕድሜም ይታሰብ። አፕል በ2017 አይ ኦ ኤስ 11ን ሲያወጣ የ32 ቢት ፕሮግራሞች መሥራታቸው ቀረ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ጥገናም በጥቅምት 14 ቀን 2025 አበቃ። ርካሽ ተብሎ የተገዛ አሮጌ ዕቃ አዲሱን ፕሮግራም እንቢ ሲል፣ ርካሽነቱ የት አለ?

ከሁሉ ይልቅ ግን የሚያሳስበው የፊደላችን ነገር ነው። የግእዝ ፊደል በ1999 ዓመት ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን፣ በየቢሮው የተጻፈው አማርኛ በላቲን ፊደል ቍጥር ላይ የግእዝን መልክ በሚያለብሱ ፎንቶች የተጻፈ ነበር። እንዲህ ያለ የይዞታ መዝገብ ያ ፎንት በሌለበት ታብሌት ሲከፈት የባዕድ ፊደልና ምልክት ዝብርቅ ሆኖ ይታያል። ጽሑፉ ባይጠፋም የሚያነበው የለም፤ በድንበር ክርክር ቀን ደግሞ የማይነበብ መዝገብ ለባለ ይዞታው ከጠፋው የሚሻል አይደለም። እንዲህ ያለው ፋይል ግዥው ሳይጀመር ወደ ዩኒኮድ ተለውጦ ከወረቀቱ ጋር ይመሳከር።

እንግዲህ ውሉ ሳይፈረም የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ከራሱ ፋይሎች ጥቂቱን ይዞ ወደ ሱቁ ይሂድ፤ በነጋዴው ፊት ይክፈት፣ ቅጹን በአማርኛ ይሙላ፣ ኢንተርኔቱን አጥፍቶ ይሞክር፣ ያትምም። ነጋዴው ይህን ፈተና ካልወደደ ሌላ ሱቅ መፈለግ ነው።