ግንቡ ይቅር፣ ጥዱ ይቁም!

የዛሬው ጨዋታችን ስለ አጥር ነው። አትሳቁ! አጥር ቀላል ነገር ቢሆን ኖሮ ያለፈውን እሑድ ሙሉ ቀን ባልተጨቃጨቅንበት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ ወላጆቻችን በማኅበር ተደራጅተው ቤት ሠርተዋል። ታዲያ ማኅበሩ ስብሰባ ጠራና አንድ ሐሳብ ቀረበ፦ ከጫካው ጋር በምንዋሰንበት በኩል 170 ሜትር የብሎኬት ግንብ ይሠራ፤ ቁመቱ ሦስት ሜትር ይሁን፤ አናቱ ላይ እሾሃማ ሽቦ ይዘርጋበት፤ ለመሠረቱ ቁፋሮ ሲባልም በመስመሩ ላይ ያሉት 14 ዛፎች ይቆረጡ። ከ14ቱ ዘጠኙ የሐበሻ ጥድና ወይራ ናቸው። ድምፅ የሚሰጠው በመጪው እሑድ ነው።

እኛ የማኅበሩ ልጆች ድምፅ የለንም። አፍ ግን አለን። "አይሆንም!" እንላለን።

መቼም እውነቱን እንናገር፤ አጥር አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ባለፈው ክረምት ከአንዱ ጎረቤታችን ግቢ የውኃ ፓምፕ ተሰርቋል። ማታ ማታ ጅብ እስከ በራችን ይመጣል። ያልታጠረ መሬት በአዲስ አበባ ምን እንደሚገጥመውም እናውቃለን። ፍርሃቱ እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን በሽታውን አያውቀውም።

እስቲ ከሌባው እንጀምር። ግንብ ሌባን የሚያስቆመው እስኪዘለው ድረስ ነው። አንዴ ከዘለለ ግን ግንቡ የእሱ ጠባቂ ይሆናል። በሽቦ መረብ በታጠረ ግቢ ውስጥ የሚንጎራደድ ሰው ከጎረቤት መስኮት ይታያል፤ "ማነህ አንተ?" የሚል አይጠፋም። ከግንብ ጀርባ ያለውን ማን ያየዋል? "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" የተባለው እኮ ጎረቤቱ ማየት ሲችል ነው! ጅቡም ቢሆን የሚመጣው እኛው ከግቢያችን ጥግ የምንደፋውን የሥጋ ትርፍራፊ ፍለጋ ነው። እሱን ለማስቀረት የቆሻሻ መጣያ ክዳን ይበቃል።

ከሁሉም የሚያስፈራን ግን ውኃው ነው። የምንኖረው ዳገት ላይ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ ዛሬ በዛፎቹ ሥርና በሣሩ መካከል እየተበተነ ያልፋል። ነገ 170 ሜትር ግንብ እንደ ግድብ ሲቆምበት የት ይሂድ? ወይ በግንቡ ጫፍ ዞሮ ከታች ያሉትን የጭቃ ቤቶች ይጠርጋል፤ ወይ ግንቡን ራሱን ገፍቶ ይጥለዋል። የብሎኬት ግድግዳ ከጎን የሚገፋ ውኃ ይችላል ያለው ማን ነው? በቀረበው ንድፍ ላይ አንዲት የውኃ ማሳለፊያ ቀዳዳ እንኳን አላየንም። አፈሩን ጨብጦ የያዘውን የጥድ ሥር ደግሞ ቀድመን ልንቆርጠው ነው!

ስለ ዛፎቹም እንነጋገር። አምስቱ ባሕር ዛፎች ይቆረጡ ቢባል ብዙም አንሟገትም፤ ባሕር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ጥድና ወይራ ግን ቀስ ብለው የሚያድጉ ናቸው፤ ዛሬ የቆረጥነውን የልጅ ልጆቻችንም በዚያ ቁመቱ ላያዩት ይችላሉ። ይህች ከተማ እኮ በዛፍ ጉዳይ አንዴ ተፈትናለች። የማገዶ እንጨት ሲጠፋ አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መዲናቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ባይደርስላት ኖሮ አዲስ አበባ ዛሬ ምን ትሆን ነበር? ከእኛ በላይ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ አለ። ሰው ዛፍ ሥር ለመቀመጥ ከከተማው ዳር እስከ ዳር እየመጣ፣ እኛ ደጃችን ላይ የቆመውን ልንጥል መጋዝ እንሳላለን።

አሁን ወደሚያመን ነገር እንምጣ። በዚያ መስመር ላይ አንዲት ቀጭን የእግር መንገድ አለች። የቅጠልና የጭራሮ ሸክም በጀርባቸው ያዘሉ እናቶች፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ በየቀኑ ይወርዱባታል። በንድፉ ላይ መንገዷ የለችም። አንዳችን ስንጠይቅ "ይዙሩ" ተባለ። ያን ሁሉ ሸክም ተሸክሞ ለሚሄድ ሰው መዞር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ተሸካሚው ነው። ስንከራከር ደግሞ "እነሱ የማኅበሩ አባል አይደሉም" የሚል መልስ መጣ። እውነት ነው፣ አይደሉም። ለመሆኑ እንጀራችን በስንቱ ቤት የተጋገረው በማን ቅጠል ነው?

"ታዲያ ምን ይሁን?" ለምትሉን መልስ አለን። መጀመሪያ ቀያሽ ይምጣና በካርታው መሠረት የወሰን ችካሎቹን ያሳየን፤ ወሰኑ ሳይጣራ ዛፍ አይቆረጥም። ሁለተኛ፣ ክረምቱ ሲገባ ውኃው በየት በየት እንደሚያልፍ እንይ። ሦስተኛ፣ ረጅም የመሠረት ጉድጓድ ከመቆፈር ይልቅ በዛፎቹ መካከል የብረት ቋሚዎች ለየብቻቸው ይተከሉና የሽቦ መረብ ይዘርጋ። ሥር ያጋጠመው ጉድጓድ ግማሽ ሜትር ፈቀቅ ይላል፤ ሽቦውም በዛፍ ግንድ ላይ አይቸነከርም። በመረቡ ሥር ቀጋና አጋም እንትከል። ሁለቱም የደጋችን ተወላጆች ናቸው፤ እሾሃቸው ሌባ ያስመልጣል፣ ፍሬያቸው ልጅ ያስደስታል፣ ውኃም ያሳልፋሉ። አራተኛ፣ ለመንገዷ በር ይውጣላት፤ ማታ የሚዘጋ፣ ጠዋት የሚከፈት።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል? አዎ፣ አጋም በአንድ ክረምት አጥር አይሆንም። እስኪያድግ ግን መረቡ አለ። ግንቡ ግን አንዴ ከቆመ በኋላ ጥዱን የሚመልስልን የለም።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ሆይ፣ እሑድ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ልመና አለን። ቅዳሜ ጠዋት አብራችሁን በመስመሩ ላይ በእግር ውጡ። 14ቱን ዛፎች ቁጠሩ። የምትወርድ እናት ካገኛችሁም ሰላም በሏትና በየት ትለፍ ብለን እንደወሰንን እናንተው ንገሯት። እኛ ለመንገር አፍረናል።

ቸር ይግጠመን!