ፍጥነት የገደላቸው

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል ያገሬ ሰው። የፍጥነት አምላኪዎች ግን ይህን ብሂል የሰሙት አይመስለኝም። ለእነርሱ ፈጣን ሁሉ ደግ፣ ሰፊ ሁሉ በቂ ነው። የአሮጌ ኮምፒውተር አቧራ አራግፎ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ማኅደረ ትውስታውን መጥኖ የጥንት ፕሮግራም የሚያስነሣ ሰው ሲያዩ ይሣለቃሉ። «አዲሱ ሺህ እጥፍ ይፈጥን የለም እንዴ?» ይላሉ። አዎን፣ ይፈጥናል። ጥፋቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ አንጎል ፍጥነቱ 4.77 ሜጋኸርዝ ነበር። በዚያ ዘመን ጨዋታ ከደረሱት ብዙዎቹ ጊዜን የለኩት በሰዓት ሳይሆን በዚሁ ምት ነው። ፈጣን ማሽን ላይ ሲጫን ጨዋታው ገና ሳይጀመር ያልቃል። በኋላ በመጡ ኮምፒውተሮች ገጽ ላይ «ቱርቦ» የተባለ ቁልፍ የተተከለውም ስለዚህ ነው። ስሙ ማፍጠኛ ይመስላል፤ ቁም ነገሩ ግን ማሽኑን ወደ ቀድሞው እርምጃ መመለሱ ነበር። የሠሩት መሐንዲሶች የቀደመን ሥራ ማክበር ያውቁ ነበር።

ቁልፉ ከቀረ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። በቱርቦ ፓስካል ከተጻፉት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ሲነሡ የማሽኑን ፍጥነት ይለካሉ። ማሽኑ ከ200 ሜጋኸርዝ ገደማ ሲያልፍ ውጤቱ ከተመደበለት ቦታ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ፕሮግራሙም «ስሕተት 200፦ በዜሮ ማካፈል» ብሎ ይሞታል። ዜሮ ግን የትም አልነበረም፤ የነበረው ትርፍ ነው! ቀኑን ሙሉ ገንዘብ የምቆጥር የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ከመትረፍረፉ የተነሣ ባዶ ነው የተባለ ሒሳብ ያየሁት እዚህ ብቻ ነው።

ማኅደረ ትውስታም እንዲሁ ነው። ዊንዶውስ 98 ከ512 ሜጋባይት በላይ ሲሰጠው «ማኅደረ ትውስታ አነሰኝ» ብሎ ሊቆም ይችላል። የፋይል መሸጎጫው በተገኘው ልክ እያበጠ ለሌላው የሚያስፈልገውን የአድራሻ ቦታ ይጨርሰዋልና። መድኃኒቱ መጨመር አይደለም፤ ለመሸጎጫው ወሰን ማበጀት ነው።

ይህ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ምኑ ነው? ትሉኝ ይሆናል። ምኑ አይደለም! ግጥምን በአንድ ትንፋሽ የሚያነበንብ ሰው ቃሉን አንድም ሳያስቀር ግጥሙን ሊገድለው ይችላል። ዕረፍቱም የግጥሙ አካል ነውና። የጥንት ፕሮግራምም ደራሲው የሰጠው ምት አለው፤ ምቱን ነጥቆ «ይኸው፣ ሠርቷል» ማለት ሬሳ ገንዞ «ተኝቷል» እንደማለት ነው።

አሮጌው ማሽን የግድ ይኑር አላልኩም። እንደ ዶስቦክስ ባለ አስመሳይ ፕሮግራም ላይ አንድ ቁጥር ዝቅ ወይም ከፍ ማድረግ ይበቃል። የሚጎድለን መሣሪያ ሳይሆን ትሕትና ነው። ኃይለኛው ማሽን ለአሮጌው ሥራ ጎንበስ ይበል፤ ጎንበስ ማለት የማይችል ኃይል ለጥበብ ምን ይጠቅማታል?