ከክሊራንስ ወረቀት እስከ ማንቂያ ደወል፦ የደህንነት ክትትልና የማንነት አስተዳደር ትስስር በዩኒቨርሲቲዎች

በኢትዮጵያ መንግሥታዊ ተቋማት ሥራ የሚለቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ወረቀት አለ፤ ክሊራንስ። ለቃቂው ወረቀቱን ይዞ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ንብረት ክፍል፣ ከንብረት ክፍል ወደ ፋይናንስ እየዞረ ዕዳ እንደሌለበት በፊርማና በማኅተም ያረጋግጣል። ላፕቶፑ፣ መጽሐፉና የቢሮው ቁልፍ ተቆጥረው ይመለሳሉ። በቀላሉ ሊዘነጋ የሚችለው ግን በዓይን የማይታየው ቁልፍ ነው፤ ይኸውም የኢሜይል አካውንቱ፣ የተማሪዎችን ውጤት ለመመዝገብ የተሰጠው ፈቃድ፣ ከቤቱ ሆኖ ወደ ተቋሙ ኔትወርክ የሚገባበት የይለፍ ቃል ነው።

ይህን የማይታይ ቁልፍ በተመለከተ ሁለት ዓይነት ሥርዓቶች ይሠራሉ። የደህንነት ክትትል ሥርዓት ከሰርቨሮች፣ ከኔትወርክ መሣሪያዎችና ከአፕሊኬሽኖች የክንዋኔ መዝገቦችን በአንድ ቋት እየሰበሰበ ያነጻጽራል፤ አጠራጣሪ ነገር ሲያገኝ ማንቂያ ያሰማል። የማንነት አስተዳደር ሥርዓት ደግሞ ማን፣ በየትኛው የሥራ መደብ ምክንያት፣ በማን ፈቃድና እስከ መቼ ምን የመጠቀም መብት እንዳለው ይመዘግባል። የመጀመሪያው ድርጊትን ያያል፤ ሁለተኛው አድራጊውን ያውቃል። ሁለቱ መተሳሰር እንዳለባቸው ብዙ ክርክር የለም። ሊከራከሩበት የሚገባው የትስስሩ ቅደም ተከተል ነው። አስቀድሞ ዕውቀት ከማንነት አስተዳደር ወደ ክትትል ሊፈስ ይገባል፤ ከክትትል ወደ ማንነት አስተዳደር የሚመለሰው እርምጃ ግን ዘግይቶ፣ በልክና በሰው ውሳኔ መምጣት አለበት። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ትስስሩ ስሕተትን ከማፋጠን ያለፈ ጥቅም አይኖረውም።

ዕውቀት የሌለው ክትትል

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንድ አካውንት ወደ ውጤት መመዝገቢያው ገባ እንበል። የክትትል ሥርዓቱ የአካውንቱን ስም፣ የመጣበትን አድራሻና ሰዓቱን ይመዘግባል። የአካውንቱ ባለቤት ውጤት የማስገቢያ ቀነ ገደብ የደረሰበት መምህር ከሆነ ድርጊቱ ትጋት ነው። ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ የሄደ መምህር ከሆነ ጥያቄ ያስነሳል። ባለፈው ዓመት ክሊራንስ ወስዶ የተሰናበተ ሰው ከሆነ ደግሞ አደጋ ነው። የክንዋኔ መዝገቡ በሦስቱም ሁኔታ አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱን የሚያውቀው የሰው ሀብት መዝገብ ብቻ ነው።

ነገሩ በዓለም አቀፍ ደረጃ ብዙ ዋጋ አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 በአሜሪካ ኮሎኒያል ፓይፕላይን የተባለው የነዳጅ ማስተላለፊያ ኩባንያ ሥራውን ለማቆም የተገደደው፣ ጥቃት አድራሾች አገልግሎት ላይ ባልነበረ ነገር ግን ባልተዘጋ አንድ የርቀት መግቢያ አካውንት ከገቡ በኋላ ነው። ኩባንያው 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቤዛ ከፍሏል። ሰብሮ የገባ አልነበረም፤ በትክክለኛ የይለፍ ቃል የተከፈተ በር እንጂ።

በኢትዮጵያም ለዚህ ክርክር ትምህርት የሚሆን ክስተት አለ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በደረሰ የሥርዓት ብልሽት ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ከእነርሱም ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ክስተቱ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ አስታውቋል፤ ያለአግባብ የተወሰደውም ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ እንደነበር ገልጿል። የችግሩ መነሻ የማንነት አስተዳደር ጉድለት አልነበረም። ሆኖም ሁለት ነገሮችን አሳይቷል። አንደኛ፣ ጉዳቱ የደረሰው በእውነተኛ ሰዎች፣ በእውነተኛ አካውንትና በእውነተኛ የይለፍ ቃል በመሆኑ፣ ሰባሪን ብቻ የሚጠብቅ ክትትል እንዲህ ያለውን ነገር አይለይም። ሁለተኛ፣ ከገንዘቡ አብዛኛው ሊመለስ የቻለው እያንዳንዱ ግብይት ከታወቀ ሰው ጋር የተያያዘ ስለነበር ነው። ድርጊትን ከአድራጊው ጋር የሚያስተሳስር መዝገብ ከጥፋት በፊት ጥበቃ፣ ከጥፋት በኋላ ደግሞ ማስረጃ ይሆናል።

የዩኒቨርሲቲ ጠባይ

ባንክ ሠራተኛንና ደንበኛን ለይቶ ያውቃል። ዩኒቨርሲቲ ግን የተደራረበ ማንነት ያላቸው ሰዎች ቤት ነው። በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረውን የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ተቋም ቢታይ፣ ከዋናው ግቢ ሌላ በቡሬ ካምፓስ አለው፤ መደበኛ፣ የማታና የክረምት ተማሪዎች በየራሳቸው የጊዜ ሰሌዳ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። መምህሩ በሌላ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙ በሆስፒታል ያክማል፣ በክፍል ያስተምራል።

በእንዲህ ያለ ቦታ ከመግባትና ከመልቀቅ ይልቅ የሚከብደው መዛወር ነው። የትምህርት ክፍል ኃላፊነት በፈረቃ የሚያዝ ሥራ ነው፤ የትናንቱ ኃላፊ ዛሬ ወደ መምህርነቱ ይመለሳል። ሰውየው ተቋሙን ስላልለቀቀ ክሊራንስ አይጠየቅም፤ በኃላፊነቱ ዘመን የተሰጠው ውጤት የማጽደቅ መብትም ማንም ሳያስታውሰው አብሮት ሊቆይ ይችላል። ጥፋት ባያስብ እንኳ የይለፍ ቃሉ በሌላ እጅ ሲገባ የሚከፈተው በር ከሚገባው በላይ ሰፊ ነው። ስለዚህ የትስስሩ የመጀመሪያ ሥራ ሊሆን የሚገባው የሹመትና የዝውውር ደብዳቤ በወጣበት ቀን ለውጡን ለክትትል ሥርዓቱ ማሳወቅ ነው። ይህ እርምጃ ማንንም አያግድም፣ ሥራም አያስተጓጉልም፤ ማንቂያዎቹን ግን ትርጉም ያላቸው ያደርጋቸዋል።

የሚመለሰው እርምጃ ልክ

ሻጮች አብዝተው የሚያወድሱት ሁለተኛውን አቅጣጫ ነው፦ የክትትል ሥርዓቱ አጠራጣሪ ነገር ሲያይ አካውንቱን ወዲያውኑ በራሱ እንዲዘጋ። በአማራ ክልል ሁኔታ ይህ ጥንቃቄ ይሻል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ፣ ውጤት ለማስገባት ወይም ኢሜይል ለማየት ገመድ የተዘረጋበትን ቢሮ መፈለግ ወይም ወደ ሌላ ከተማ መጓዝ እንግዳ ነገር አልነበረም። በአንድ የኔትወርክ አድራሻ ብዙ ሰዎች ሲገቡ፣ አንድ ሰው ደግሞ ዛሬ ከደብረ ማርቆስ፣ ነገ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከአዲስ አበባ ሲገባ፣ በሌላ አገር ልማድ የተቀመረ ደንብ ሁሉንም በአጥቂነት ይጠረጥራል። በፈተና ሳምንት በስሕተት የታገደ የሬጅስትራር ሠራተኛ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ያጉላላል።

ስለዚህ እርምጃው ደረጃ ሊበጅለት ይገባል። ለተራ ጥርጣሬ ባለቤቱ ማንነቱን ደግሞ እንዲያረጋግጥ መጠየቅ ይበቃል። ከዚያ ለከፋው ተረኛው ባለሙያ አይቶ በጊዜያዊነት ያግድ፤ እገዳውም በተወሰኑ ሰዓታት ውስጥ በኃላፊ ካልጸና በራሱ ይነሳ። ያለ ሰው ውሳኔ ወዲያውኑ መታገድ የሚገባቸው በመዝገቡ የተሰናበቱ ሰዎች አካውንቶችና የመረጃ ቋት አስተዳዳሪነት ሥልጣን ያላቸው ጥቂቶች ብቻ ናቸው። የኋለኞቹም ቢሆኑ ተቋሙ ራሱን በራሱ እንዳይቆልፍ ታሽጎ የሚቀመጥ አንድ የአደጋ ጊዜ አካውንት ያስፈልጋቸዋል። መሰረዝ ደግሞ በየትኛውም ደረጃ ለማሽን ሊተው አይገባም፤ የተሰረዘ አካውንት ማስረጃውን ይዞ ይጠፋልና።

ሁለቱን ሥርዓቶች የሚያገናኘው ፕሮግራም ራሱም አካውንት አለው። ማንንም ማገድ የሚችለውን ይህን አካውንት አጥቂ ቢይዘው ተቋሙን በሙሉ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ማገድ እንጂ አዲስ መብት መስጠት አይፈቀድለት፤ ሥራውም እርሱ ሊያጠፋው በማይችለው ቦታ ይመዝገብ።

ሕግና ገደብ

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የዳታ ጥሰት ሲደርስ ለሚመለከተው ባለሥልጣን በ72 ሰዓታት ውስጥ ማሳወቅን ይጠይቃል። የትኛው አካውንት የማን እንደሆነ የማያውቅ ተቋም በሦስት ቀን ውስጥ የጉዳቱን ስፋት ሊናገር አይችልም። በዚያው መጠን ግን ትስስሩ የሠራተኛን ውሎ በስሙ መከታተያ ሊሆን ይችላል። ለደህንነት የተሰበሰበ መዝገብ የሰዓት ፊርማ መቆጣጠሪያ ወይም የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ እንዳይሆን ገደቡ ከቴክኒኩ በፊት በጽሑፍ ሊቀመጥ ይገባል። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የፋይዳ ቁጥርም ሁለቱን ሥርዓቶች ማያያዣ ባይሆን ይመረጣል። ፋይዳ ሰው ሲመዘገብ ማንነቱን ለማረጋገጥ ይጥቀም፤ በየክንዋኔ መዝገቡ የሚዘዋወረው ከተቋሙ ውጭ ትርጉም የሌለው የውስጥ ቁጥር ይሁን።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ለሶፍትዌሩ ግን መልስ አለ፤ ለክትትል ዋዙህ፣ ለማንነት አስተዳደር ሚድፖይንት ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚገኙ፣ ምንጫቸው ክፍት የሆኑ ሥርዓቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ስኪም የተባለው የአካውንት መረጃ መለዋወጫ ደንብም ለሁሉም ክፍት ነው። ውዱ ነገር ሰው ነው፦ ማንቂያ የሚያነብ ተረኛ፣ ደብዳቤን በዕለቱ የሚመዘግብ የሰው ሀብት ባለሙያ፣ በየመንፈቁ የመምህራኑን መብት አይቶ የሚያጸድቅ የትምህርት ክፍል ኃላፊ። እነዚህ ሳይኖሩ የሚገዛ ማንኛውም ሶፍትዌር ያው ዕውቀት የሌለው ክትትል ነው።

ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች ጉዳዩ ያልታረሰ መሬት ነው። ሥራው በውድ መሣሪያ መጀመር የለበትም፤ ሦስት ልኬቶች ይበቃሉ። የስንብት ደብዳቤ ከተጻፈበት ቀን እስከ አካውንቱ መዘጋት ስንት ቀን ያልፋል? ሥራ ላይ ካሉት አካውንቶች ስንቱ ባለቤት አልባ ነው? ከማንቂያዎቹ ስንቱ የአድራጊው ማንነት ሲታወቅ ውድቅ ይሆናል? እነዚህ ቁጥሮች ከትስስሩ በፊትና በኋላ ቢለኩ፣ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስፈልጋቸው አዲስ ግዢ ይሁን ወይስ በክሊራንስ ወረቀታቸው ላይ አንድ ተጨማሪ መስመር፣ መልሱ ከግምት ወጥቶ ወደ ማስረጃ ይመጣል።