ታርዛንን ያስጠነቀቁት የጎንደር ልጆች

ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ተወለደ። ልጅ ሳለ የታርዛንን ፊልም ሲያይ፣ አፍሪካውያኑ ከኋላ አድብተው ወደ ታርዛን ሲጠጉ፣ እሱና ጓደኞቹ እየመጡብህ ነው ብለው ይጮኹለት እንደነበር ካደገ በኋላ ተናግሯል። አባቱ ገሪማ ታፈረ የጎንደር አርበኞችን ታሪክ «ጎንደሬ በጋሻው» ብሎ የጻፈ ሰው ነው። የአርበኛ ታሪክ ጸሐፊ ልጅ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ለፈረንጁ ዘብ ቆመ ማለት ነው! ስክሪን እንዲህ ያደርጋል።

ዛሬ ፒያሳ ጁስ ቤት የተቀመጠ ወጣት «ሰሞኑን ምን አየህ?» ቢባል መልስ አያጣም። ፍላሽ አስጭኖ ያየውን የማርቭል ፊልም ይዘረዝራል። እህቱ የኮሪያና የቱርክ ተከታታይ ትጨምራለች። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ከጀመረ ወዲህ የኢስታንቡል አማት ተንኮል ከጎረቤት አማት ተንኮል በላይ ይታወቃል። ከዩቲዩብም አንድ ሁለት የአማርኛ ኮሜዲ አይጠፋም። መልካም፣ ሁሉም የወደደውን ይይ። ችግሩ የሚጀምረው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። እንዴት ነበር? «ይመቻል።» «አይመችም።» «ቀርፋፋ ነው።» አለቀ። ቅኔ ሲዘረፍ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ይሰማ የነበረ ሕዝብ ልጅ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ቁጭ ብሎ ላየው ነገር ያለው ቃል ሦስት ብቻ ሆነ።

ከሦስቱ አደገኛው «ቀርፋፋ» ነው። «ጤዛ»ን የገደለው እሱ ነው። የኃይሌ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት ወሰደ፤ በዓመቱ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት፣ የየኔንጋን ወርቃማ ፈረስ አገኘ። ታሪኩ ጀርመን የተማረው አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ፣ ግማሽ ትዝታውም ተቆራርጦበት ጣና ዳር ወዳለው የእናቱ ቤት ሲመለስ ነው። ዘመኑ የደርግ ማብቂያ ነው። ወታደር ልጆችን ለጦርነት ሊያፍስ ይመጣል፤ ልጆቹ ይደበቃሉ፤ እናቶች ያለቅሳሉ። የተማረው ሰውዬ ግን አንድም የሚያደርገው ነገር የለውም። ቆሞ ያያል። ይሄ «ቀርፋፋ» ከተባለ፣ ያለፉትን ጥቂት ዓመታት በሰሜን ጎንደር ያሳለፈች እናት ቀኑ እንዴት እንደሚረዝም ትጠየቅ። ፊልሙ የተንቀራፈፈው መጠበቅ ቀርፋፋ ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ ጥሩ ተከራካሪ ይነሣል። «የት ላግኘውና ልየው?» ይላል። እውነቱን ነው። የኃይሌ «ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. በ2021 ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ፤ ኔትፍሊክስ ግን በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይፈልጋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ጠፍቶ ሲቆይ ደግሞ ፊልም ቀርቶ መልእክት መላክም ብርቅ ነበር። ፍላሽ የሚጭነው ልጅም የሚጭነው የሚጠየቀውን ነው። ለዚህ ተመልካቹን መውቀስ ግፍ ይሆናል።

ግን ያው ተመልካች ያገኘውንስ እንዴት ነው የሚያየው? «ትርጉም ፊልም» የሚባለውን እንውሰድ። አንድ ሰው በፊልሙ ድምፅ ላይ ተቀምጦ «አሁን ተናደደ፤ አሁን ሊገድለው ነው» እያለ ይተርካል። ቋንቋ ለማይሰማ አያት ትልቅ ውለታ ነው፤ ይሄ አይካድም። እንግሊዝኛ አጣርቶ የሚሰማ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ተራኪ ካልጨመሩለት ፊልም አላይም ሲል ምን ይባላል? ተዋናዩ ዝም ያለበትን ቦታ ተራኪው ይሞላዋል፤ ተመልካቹ ሊያስብ ያለውን አስቀድሞ ያስብለታል። «ጤዛ» ውስጥ አማርኛ፣ ጀርመንኛና እንግሊዝኛ እየተቀያየሩ ይነገራሉ፤ ሰውዬው በየትኛው ቋንቋ እንደሚያልም የማያውቅ መሆኑ ራሱ ሕመሙ ነው። ተራኪ ይግባበትና ያ ሁሉ ወደ አንድ ድምፅ ይቀለጣል።

የያሬድ ዘለቀ «ዳንግሌ»ም የዚሁ ፍርድ ሰለባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። «ስለ በግና ስለ ልጅ ነው» ተብሎ ታለፈ። ነገሩ ግን በጉ አይደለም፤ እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም ምግብ መሥራት ይወዳል፣ ያደረበት ቤት አጎት ደግሞ ወንድ ልጅ ጓዳ ሲገባ ማየት አይችልም። ደጋ ያደገ ሰው ይሄን ጠብ ያውቀዋል። ስንት ቤት አለ፣ ልጁን ከምድጃ ዳር በዱላ ያባረረ! የአገሬው ተመልካች በግዋን አየና ወጣ፣ ልጁን ሳያይ።

«ታዲያ እኛ ሰው የሚገባውን ፊልም አንወድም ማለት ነው?» ለሚል «ቁራኛዬ» አለለት። የሞገስ ታፈሰ ፊልም የድሮውን ሥርዓት፣ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ወደ ዳኛ የሚሄዱበትን፣ መነሻው አድርጎ የቅኔ ተማሪን ከባላንጣው ጋር ያስራል። መንገዱ ረጅም ነው፤ ንግግሩም የዛሬ ከተሜ ንግግር አይደለም። ሆኖም ሰው ወደደው። ስለዚህ ጆሮ አልጠፋም። የጠፋው ወጥቶ «እዚህ ቦታ ላይ እንዲህ ተሰማኝ፣ ምክንያቱም...» የማለት ልማድ ነው።

በሌላው ወገን ያለው ሰውዬም ይምጣ። የኃይሌን ስም በየንግግሩ የሚጠራ፣ «የጎንደር ልጅ ዓለምን አስደነቀ» የሚል፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የተቀረጸውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አይተኸዋል ሲባል ግን ጉሮሮውን የሚጠርግ። በስም መኩራት ሥራውን ካለማየት ጋር ሲገጥም ንቀት ነው፤ የኮሪያ ድራማ የምታየዋ ልጅ ቢያንስ አይታዋለች። ጥቁርና ነጩን ፊልም፣ ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በገበሬው ላይ የሚጮኽበትን፣ ያ ሰውዬ ቢያየው ምናልባት ኩራቱ ይቀንስ ነበር። አንዳንዱ ባለመሬት የማን አያት እንደሆነ ስለሚያስታውሰው።

ኃይሌ «ሳንኮፋ»ን ጨርሶ አከፋፋዮች እምቢ ሲሉት አዳራሽ ራሱ እየተከራየ በየከተማው አሳየ፤ ሰው ተሰልፎ ገባ። ጎንደር አዳራሽ አላት፤ ዩኒቨርሲቲውም አለው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ፒያሳ ላይ ሲኒማ ቤት ያቆመው ለራሱ ሰዎች ነበር፤ የከተማው ልጅ ግን የሱን ፊልም በዚያች ከተማ ለማየት ዛሬም ሰው የሚያውቅ ሰው መፈለግ አለበት። አንድ ፕሮጀክተር፣ አንድ ነጭ አቡጀዴ፣ አንድ ቅዳሜ ማታ። ከዚያ መብራቱ ሲበራ፣ ማንም «ይመቻል» ብሎ በር እንዳይወጣ።