ብልቃጡ ዳግመኛ ሲከፈት

አንባቢ ሆይ፤ በማስተምርበት ክፍል ጥግ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ አንድ አሮጌ ብልቃጥ አለ። የተለጠፈበት ወረቀት «ዓሣ» ይላል፤ ሌላ ቃል የለበትም። ከየትኛው ውሃ፣ በምን ዘመን እንደ ተያዘ የሚያውቅ የለም። ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ «መምህር፣ ዓሣ መሆኑ ከታወቀ ሌላው ምን ይጠቅማል?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱን ያገኘሁት ከሰሜን ባሕር ነው፤ እስቲ ለአንተም ላካፍልህ።

ኮፔፖድ የምትባል የባሕር ፍጥረት አለች። የሸርጣን ዘመድ ስትሆን ቁመቷ ከስንዴ ፍሬ ያንሳል። ጉነሩስ የተባለ የኖርዌይ ጳጳስ በ1770 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አንዲቱን ገልጾ ጻፈ፤ ዛሬ ካላኑስ ፊንማርኪኩስ ትባላለች። ጀርመናዊው ክላውስ ደግሞ በ1863 ካላኑስ ሄልጎላንዲኩስ የተባለችውን ጻፈ። ሁለቱ እንደ መንታ ስለሚመሳሰሉ ባንድ ስም የቆጠሯቸው ሊቃውንት ብዙ ነበሩ። መለያቸው የተሸሸገው በአምስተኛው ጥንድ እግር ሥር ነው! በዚያ እንደ መጋዝ ጥርስ የተደረደረው ጠርዝ በአንዲቱ ቀጥ ያለ ነው፤ በሁለተኛዪቱ ግን ወደ ውስጥ ይጎብጣል።

እንግዲህ የጥንቱ ጽሑፍ አጭር፣ ሥዕሉም ግምታዊ ሲሆን፣ ጸሐፊው በሙዚየም ያስቀመጠው ናሙና ይፈለጋል። መርማሪው እንስሳዪቱን ከአልኮል አውጥቶ በግሊሰሪን ጠብታ ላይ ያስተኛታል፤ በቀጭን መርፌ እግሯን ለይቶ በማይክሮስኮፕ እያየ እንደ ገና ይሥላል። ለእኔ ከሥራው ሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው። ናሙናዪቱ አንዲት ብቻ ስትሆን እጁ የተንቀጠቀጠበት ሰው የሰበረውን ምስክር ከየት ያመጣዋል?

ሆኖም እንዲህ ዓይነቱ ትዕግሥት ብዙ አፍርቷል። የሶቪየቱ ያሽኖቭ በ1955 ካላኑስ ግላሲያሊስን ከፊንማርኪኩስ ለየ። አሜሪካዊው ፍሮስት በ1989 ፕሴውዶካላኑስ የተባለውን ወገን መርምሮ ሰባት ዝርያ አደረገው፤ ሦስቱ ከዚያ በፊት ስም እንኳ አልነበራቸውም።

«ይህ የሊቃውንት ጨዋታ ነው» ትል ይሆናል። የኮድ ዓሣ ጫጩት ግን እንዲህ አይልም። ፊንማርኪኩስ የምትበዛው የአውሮፓ ክረምት እንዳለፈ፣ ጫጩቱ በሚራብበት ጊዜ ነው፤ ሄልጎላንዲኩስ ግን ወራት ዘግይታ ትበዛለች። ከ1960ዎቹ ወዲህ ውሃው እየሞቀ ሲሄድ በሰሜን ባሕር የመጀመሪያዪቱ ቀንሳ ሁለተኛዪቱ ቦታዋን ወሰደች፤ ኮዱም ተጎዳ። ሁለቱ ባንድ ስም ቢቆጠሩ ኖሮ መዝገቡ «ምግብ አለ» ብቻ ባለ ነበር።

ነገሩ ገና አላለቀም። ከ2010 በኋላ የተደረገ የዲኤንኤ ምርመራ ፊንማርኪኩስንና ግላሲያሊስን በቁመት ብቻ መለየት እንደሚያሳስት አሳየ፤ ስለዚህ በቁመት የተለዩት የድሮ ናሙናዎች ዳግመኛ መታየት አለባቸው። ፎርማሊን ግን ዲኤንኤን ስለሚጎዳ በእርሱ የቆየ ናሙና እግሩን እንጂ ዘሩን በቀላሉ አይናገርም፤ በአልኮል የቆየው ይሻላል።

የእኛ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነም ወረቀቱ አይናገርም።