ጸለይንላቸው፤ ግን ሰማናቸው ወይ?

ባለፈው ወር በአንድ ኮንፈረንስ ላይ የማከብረው ወንድም እየሰበከ ሳለ፣ «አጽናኙ መንፈስ ቅዱስ በውስጡ እያለ ገንዘብ ከፍሎ ችግሩን ለሰው የሚያወራ አማኝ፣ ብኩርናውን በምስር ወጥ የሸጠ ነው» አለ። አዳራሹ በአሜን ተናወጠ። እኔ ከፊት ወንበር ተቀምጫለሁ። አሜን አላልኩም፤ ግን ከፕሮግራሙ በኋላም ሄጄ አላነጋገርኩትም። እንግዳ ስለነበርኩ ይሉኝታ ያዘኝ። በሳምንቱ ከእኛው ምዕመናን አንዱ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር የነበረውን ቀጠሮ መሰረዙን ነገረኝ። አራተኛው ቀጠሮ ነበር። ከብዙ ወራት በኋላ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ከጀመረ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። የእኔን ዝምታ ዋጋ የከፈለው እርሱ ነው። ስለዚህ ያን ቀን ያልተናገርኩትን ዛሬ እናገራለሁ።

ወንድሜን ከመውቀሴ በፊት ግን የራሴን ልናዘዝ፤ ምክንያቱም ከሃያ ዓመት በፊት ያንን ስብከት የምሰብከው እኔ ነበርኩ።

በዚያን ጊዜ በማገለግልበት ቤተ ክርስቲያን አንዲት እህት በዘጠነኛ ወሯ ልጇ ሞቶ ተወለደ። አገራችን ለእንዲህ ያለው ሐዘን ድንኳን አይተክልም። «ሌላ ትወልጃለሽ፣ አንቺ ትረፊ እንጂ» ይባልና ይታለፋል። ከወራት በኋላ እሑድ ሕፃን ባለቀሰ ቁጥር ከአዳራሽ እየወጣች በር ላይ ትቆም ጀመር። ከዝማሬ ቡድኑ ቀረች። እኔና ሽማግሌዎች ተነጋገርንና የሐዘን መንፈስ ነው አልን። የሦስት ቀን ጾም አወጅን። አምስት ሆነን በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ እጅ ጭነን፣ ድምፃችን እስኪዘጋ ጮኸንባት። በመጨረሻ ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ ነጻ መውጣት ቆጥረን እሑድ መሰከርን። በወሩ ከቤተ ክርስቲያን ቀረች።

ከአራት ዓመት በኋላ ለቅሶ ቤት ተገናኘን። ፊቷ በርቷል። እንዴት ነሽ ስላት፣ ከአንዲት የምክር ባለሙያ ጋር ለአምስት ወር ስትገናኝ እንደቆየች ነገረችኝ። ባለሙያዋ በሁለተኛው ቀን፣ «ለልጅሽ ስም አውጥተሽለት ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። አውጥታለት ነበር። ያን ስም ከባሏ በቀር የጠየቃትም የሰማትም ሰው አልነበረም። ከዚያ እጄን ይዛ እንዲህ አለችኝ፦ «መጋቢ፣ እናንተ ጸለያችሁልኝ እንጂ አልሰማችሁኝም።»

በነገረ መለኮት ኮሌጅ አራት ዓመት ተምሬአለሁ። የግሪክኛ ግሥ አርብቻለሁ፣ ስለ ሥላሴ ወረቀት ጽፌአለሁ። የምክር አገልግሎት የሚባል ትምህርትም በአንድ ሴሚስተር ወስጃለሁ። አፍን ዘግቶ መቀመጥ ግን በፈተናው ውስጥ አልነበረም።

«መጽሐፍ ቅዱስ ይበቃል» ለሚለኝ ወንድም፣ እኔም መጽሐፍ ቅዱስን ይዤ ነው የምመጣው። 1ኛ ነገሥት 19ን ስንሰብክ ቶሎ ብለን ወደ ትንሿ ድምፅ እንሮጣለን። ከዚያ በፊት ያለውን እንዝለለው ካላልን በቀር፣ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ከዛፍ ሥር ወድቆ ሞቱን ሲለምን እናገኘዋለን። እግዚአብሔር በእምነት ማነስ አልገሠጸውም። እንቅልፍ ሰጠው፤ መልአክ ልኮ ሁለት ጊዜ አበላው። ኮሬብ ከደረሰ በኋላ እዚህ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀው። ኤልያስ ብሶቱን ዘረገፈ። ነፋሱ፣ የምድር መናወጡና እሳቱ ካለፉ በኋላ ያው ጥያቄ እንደገና መጣ። ኤልያስም ያንኑ ብሶት፣ ያንኑ ቃል ደገመው። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ያንን ሰው ሁለት ጊዜ ጠይቆ ሁለት ጊዜ ሰማው። ሥራ የሰጠው፣ ሰባት ሺህ እንደቀሩ የነገረው፣ ኤልሳዕን ከጎኑ ያቆመለት ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ግን ተልእኮውን ከፊት እናደርግና ምግቡንም፣ እንቅልፉንም፣ መስማቱንም እንረሳለን። የኢዮብ ወዳጆችም ቢሆኑ ሰባት ቀን አብረውት መሬት ላይ በዝምታ ሲቀመጡ መልካም ሰዎች ነበሩ። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

«ይህ የፍሮይድ ትምህርት ነው፤ ፍሮይድ ደግሞ እግዚአብሔርን አያምንም» የሚለውንም እሰማለሁ። ፍሮይድ አማኝ አልነበረም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ዛሬ ከባለሙያ ጋር የሚደረገው ምክክር አብዛኛው የፍሮይድ ሶፋ አይደለም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሐኪም አሮን ቤክ ያዳበረውን መንገድ እንውሰድ። ቤክ በፍሮይድ ትምህርት ሠልጥኖ ኋላ የራሱን መንገድ ያወጣ ሰው ነው። ሥራው እንዲህ ነው፦ አንዲት እህት የዝማሬ መሪዋ ሰላም ሳትላት አለፈች። ወዲያው «ሁሉም ጠልቶኛል፣ እግዚአብሔርም ትቶኛል» የሚል ሐሳብ ይመጣባታል፤ ቤቷ ገብታ በሯን ትዘጋለች፤ በሩ ሲዘጋ ሐሳቡ ይብሳል። ባለሙያው ያንን ሐሳብ አስጽፎ ከፊቷ ያስቀምጠዋል። ማስረጃው ምንድን ነው? ሌላ ምክንያት ሊኖር አይችልም? ከዚያ ለሳምንቱ አንዲት ትንሽ ሥራ ይሰጣታል፤ ለምሳሌ አንድ ቀን ከሰፈር ጓደኛ ጋር በእግር መሄድ። ሐሳብን መርምሮ ሐሰቱን መለየት ለጳውሎስ ደብዳቤዎች አንባቢ እንግዳ ነገር ነው? ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲሠራ ዝግባውን የቆረጡት የኪራም ሰዎች ነበሩ። እንጨት መቁረጥ ከእነርሱ የሚሻል ሰው በሕዝቡ መካከል እንደሌለ ሰሎሞን ራሱ አምኗል። ዝግባው ግን የእግዚአብሔር ነበር።

«ገንዘብ ተቀብሎ መስማት ምን ዓይነት ፍቅር ነው?» ለሚለው መልሴ አጭር ነው። እኔም ደመወዝ እቀበላለሁ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ «እውነተኛ አማኝ አይጨነቅም» የሚለው ነው። ስፐርጀንን ከመድረክ ላይ የማይጠቅስ ሰባኪ የለንም። በጥቅምት 1856 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በሰሬ ጋርደንስ አዳራሽ ሲሰብክ አንድ ሰው በሐሰት እሳት ብሎ ጮኸ፤ በግርግሩ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ስፐርጀን የ22 ዓመት ወጣት ነበር። ያ ቀን ለዓመታት አልለቀቀውም። ከባድ የመንፈስ ጭንቀት እየተመላለሰበት ኖሯል፤ ይህንንም ለአገልግሎት ተማሪዎቹ ሳይደብቅ አስተምሯል። የእርሱን ስብከት ወስደን የእርሱን እንባ እንኮንን?

አጋንንት እንዳሉ አምናለሁ፤ በክርስቶስ ስም ሲወጡም አይቻለሁ። ግን ያልተቀበረ ሐዘን ጋኔን አይደለም። በጦርነት ያየውን በሕልሙ የሚያይ ወታደርም፣ በልጅነቷ የደረሰባትን ለማንም ያልተናገረች ሴትም የሚያስፈልጋቸው ጩኸት አይደለም።

ይጠቅማል ወይ? ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አፍሪካዊ ምስክር ልጥራ። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም አለ። ሐኪሙ ጥቂት፣ ሕዝቡ ብዙ ነው። ስለዚህ በ2006 እ.ኤ.አ. ሐራሬ ውስጥ አያቶችን አሠልጥኖ ከጤና ጣቢያ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ሰዎቹ «ኩፉንጊሲሳ» ይላሉ፤ በሾና ቋንቋ «ሐሳብ በዛብኝ» እንደ ማለት ነው። እኛስ የምንለው ይህንኑ አይደል? አያቶቹ ያዳምጣሉ፤ ከችግሮቹ አንዱን አስመርጠው መፍትሔውን አብረው ይፈልጋሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. በታወቀ የሕክምና መጽሔት የወጣው ጥናት፣ ከስድስት ወር በኋላ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት የተለመደውን እርዳታ ብቻ ካገኙት ይልቅ የጭንቀትና የድባቴ ምልክታቸው እጅግ እንደቀነሰ አሳይቷል። አያቶች! የእኛ ቤተ ክርስቲያን በአያቶች የተሞላች አይደለችም?

ሆኖም ስብከቴ ወደ ሌላኛው ገደል እንዳይወስዳችሁ። ከባለሙያ ጋር መነጋገር ኃጢአትን አያስተሰርይም። እናቱን ላለመጠየቅ የባለሙያን ስም ጋሻ የሚያደርግ ወጣትም አይቻለሁ፤ ባለሙያዋ እንደዚያ ማለቷን ግን እጠራጠራለሁ። ዓመታት ሙሉ ስለ ራስ ብቻ እያወሩ አንድ እርምጃ አለመራመድም አለ። ለሁሉ ሰው ደግሞ አያስፈልግም፤ አንዳንዱ የሚያስፈልገው ጥሩ ጓደኛና ዕረፍት ነው። እንቅልፍ፣ ምግብና ሥራ ለሳምንታት ከተቃወሱ፣ ወይም ያለፈ ነገር አልለቅ ካለ ግን አትዘግዩ። መሞት የሚፈልግ ሰው ካጋጠማችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ደግሞ ማንም ነቢይ ከመድረክ ላይ ሆኖ አያስቁማችሁ።

እንግዲህ ማን ዘንድ እንሂድ? በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር። ለረጅም ዘመን ሁሉም ወደ አንድ ሆስፒታል ነበር የሚላከው፤ «አማኑኤል ገባ» ማለትም ስድብ ሆነ። ስሙ «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለት መሆኑን የምንሰብከው እኛ፣ ስድቡን አብረን ተሳደብን። ዛሬ በሌሎች ሆስፒታሎችም አገልግሎቱ አለ፤ የግል አማካሪዎችም በዝተዋል። የአእምሮ ሐኪም የሕክምና ዶክተር ነው፤ መድኃኒት ያዝዛል። የሥነ ልቦና ባለሙያ በንግግር ይሠራል። መድረክ ላይ የሚያነቃቃ ተናጋሪ ደግሞ ሁለቱንም አይደለም፤ አዳራሽ መሙላት የሙያ ፈቃድ አይሆንም።

በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ፤ ነውር የለውም። የት ተማሩ? ፈቃድ አለዎት? እንደ እኔ ዓይነት ችግር ያለበት ሰው ረድተዋል? በምን መንገድ ይሠራሉ፣ ስንት ጊዜ እንገናኛለን፣ ዋጋውስ? ምሥጢሬን የሚገልጡት በምን ሁኔታ ብቻ ነው? ጥሩ ባለሙያ በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም። የሌላ ደንበኛ ታሪክ የሚያወራላችሁን፣ ገንዘብ የሚበደራችሁን፣ የፍቅር ነገር የሚያነሣውን፣ ሳይሰማችሁ የሚመክራችሁን በዚያው ቀን ተዉት። ሦስት አራት ጊዜ ሄዳችሁ ልባችሁ ካልተከፈተ ደግሞ ለራሱ ንገሩት፤ ካልሆነ ሌላ ፈልጉ። አንድ ጫማ አልሆነኝም ብሎ በባዶ እግሩ የሚሄድ የለም። ውጭ አገር ያላችሁ በቋንቋችሁ የሚያናግራችሁን ጠይቁ። ካልተገኘም ሙያዊ አስተርጓሚ ይምጣ እንጂ፣ እናት ሐዘኗን በልጇ አፍ አታስተርጉም።

«ጴንጤ መሆን አለበት ወይ?» ይህ በጣም የምጠየቀው ነው። ጥርሳችሁን የሚነቅለውን የየትኛው አጥቢያ አባል ነህ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ነፍስ ከጥርስ እንደምትበልጥ አውቃለሁ፤ ስለዚህ እምነታችሁን የሚያቃልል፣ ጸሎታችሁን እንደ በሽታ የሚቆጥር ባለሙያ ይቅርባችሁ። አማኝም ባለሙያም የሆነ ካገኛችሁ እሰየው። በሁለቱ መካከል መምረጥ ከመጣ ግን፣ ሙያውን የማያውቅ አማኝ ከሚነካካኝ እምነቴን የሚያከብር ባለሙያ ቢያየኝ እመርጣለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፣ አትቀየሙኝ፦ የማያምነው ባለሙያ ምሥጢር ሲጠብቅ፣ የእኛ ግን በ«የጸሎት ርዕስ» ስም ከቤት ለቤት ሕብረቱ እስከ ዝማሬ ቡድኑ ሲዳረስ አይቻለሁ።

እኛ ዘንድ አሁን ከቢሮዬ ጎን ሁለት ወንበር ያለበት ትንሽ ክፍል አለ። ረቡዕ ከሰዓት ሁለት በዕድሜ የገፉ እናቶች ይቀመጡበታል። ማዳመጥን ሠልጥነዋል፤ ከአቅማቸው በላይ ሲሆን የሚሰጡት የሦስት ባለሙያዎች ስልክ በወረቀት አላቸው። መክፈል ለማይችል ሰው ለመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ከዲቁና ሣጥን እንዲከፈል ሽማግሌዎች ተስማምተዋል፤ ስሙን የሚያውቀው ገንዘብ ያዡ ብቻ ነው።

ቀጠሮውን የሰረዘውን ወንድም ማክሰኞ ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ለሐሙስ መልሶ ይዟል። ለሰባኪው ወንድሜም ደውዬለታለሁ። ቅዳሜ ቡና እንጠጣለን፤ ይህን ጽሑፍ አስቀድሜ ልኬለታለሁ።