ባሉበት ሁኔታ

ከስድስት ኪሎ ወደ አፍንጮ በር በሚወርደው መንገድ ዳር ካሉት የቀበሌ ግቢዎች ወደ አንዱ ጎራ ብትሉ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው በርሜል ላይ ነው። በየበሩ አንድ፣ ቤተሰብ ከበዛ ሁለት። ክዳኑ ላይ ድንጋይ የተጫነበት አለ፤ ጎረቤት የማይተማመንበት ግቢ ከሆነ ደግሞ ቁልፍ የተንጠለጠለበት። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ያለ በርሜል ቤት አይቆምም። አቅም ያለው ሮቶ ይሰቅላል፤ የቀረነው 200 ሊትር የሚይዘውን ሰማያዊ ፕላስቲክ በርሜል ደቅነን ሌሊት የቧንቧ ድምፅ እንጠብቃለን።

ረከስ የሚለው ያገለገለው በርሜል ነው። ገዢው "ምን ነበረበት?" ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ አይለወጥም። "ዘይት ነው እትዬ፤ በኦሞ ለቅለቅ አድርገው ውኃዎን ይሙሉበት።" ሽታው አላማረኝም ካሉ ደግሞ "በረኪና ጣል ያድርጉበት" ይከተላል። ነጋዴውን ውሸታም አልለውም። በርሜሉ ከፋብሪካ መጋዘን ወደ ጨረታ፣ ከጨረታ ወደ ጅምላ ገዢ፣ ከዚያ ወደ ቸርቻሪ ሲዘዋወር መለያ ወረቀቱ ተልጦ አልቋል፤ ሰውየውም የሰማውን ነው የሚያወራው። በእርግጥ ዘይት የነበረበት አለ፣ የለስላሳ መጠጥ ማጣፈጫ የመጣበትም አለ። ግን ከነዚህ ጎን፣ በቀለምም በቁመትም ሳይለይ፣ ትናንት አሲድ ወይም ፀረ ተባይ የያዘው ተደርድሯል።

በርሜሉ ላይ የታተመውን "1ኤች1" የሚል ምልክት አይተው "ይኸው፣ የተመሰከረለት ነው" የሚሉ አሉ። ምልክቱ የሚናገረው ዕቃው ክዳኑ የማይነሳ ፕላስቲክ በርሜል መሆኑንና አደገኛ ጭነት ለማጓጓዝ የሚያበቃውን ፈተና ማለፉን ነው። ውስጡ ምን እንደነበረ አንድም ቃል አይልም። እንዲያውም ነገሩን ላሰበው ሰው ሊያስጠረጥር የሚገባ ምልክት ነው።

የበረኪናው ምክር የባሰ ነው። አሲድ በቀረበት ዕቃ ላይ በረኪና ሲጨመር ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የፈጀው ጋዝ። ኦሞውም ቢሆን የሚያጥበው ላዩን ነው። በማሟሚያ የተበጠበጠ ፀረ ተባይ ለወራት ከተቀመጠበት ወደ ፕላስቲኩ ሰርጎ ይገባል። ታጥቦ ያበራው በርሜል ውኃ ሲሞላበት የዋጠውን ቀስ እያለ ይመልሳል። እጣቢውስ? በቦዩ አድርጎ ቁልቁል ወደ ወንዝ።

የብረቱ በርሜል ጣጣ ሌላ ነው። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ውስጥ በርሜል ይሰነጠቃል፣ ይደለዛል፣ ምድጃና ሳፋና የአጥር ቆርቆሮ ሆኖ ይወጣል። ባለሙያዎቹን አደንቃለሁ፤ "መልሶ መጠቀም" የሚለው ቃል በየስብሰባ አዳራሹ ከመሰማቱ በፊት ሥራውን ሲሠሩት የኖሩ ናቸው። ሆኖም ባዶ በርሜል ከሙሉው ይልቅ የሚፈራ መሆኑን ማንም አልነገራቸውም፣ ወይም የነገራቸው ሰው ሌላ እንጀራ አላሳያቸውም። አፍ እስከ ገደፉ ቤንዚን የሞላው በርሜል ውስጡ አየር ስለሌለው ከውስጥ አይፈነዳም። ባዶ የተባለው ግን እንፋሎትም አየርም አለው፤ 200 ሊትር በርሜል ለማፈንዳት ግማሽ ሲኒ ቤንዚን ተንኖ መቅረቱ ይበቃል። እንፋሎቱ ከአየር ስለሚከብድ ክዳኑን ከፍቶ ፀሐይ ላይ ማዋል ጠርጎ አያወጣውም። ታች ይተኛል፤ የግራይንደር ወይም የብየዳ ፍንጣሪ ሲያገኝ ይነሳል። እንዲህ ያለ ቃጠሎ የደረሰበት የአዲስ አበባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ወደኛው ስድስት ኪሎ ሰፈር ነው፤ በቀድሞ ስሙ ቤተ ሳይዳ የሚባለው የየካቲት 12 ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የቃጠሎ ሕክምና ዋና መዳረሻ ሆኖ ቆይቷልና።

የስፖንጅ ፍራሽ የሚሠራበት ኬሚካል የመጣበት በርሜል ደግሞ እሳትም አይፈልግም። ዝቃጩ ላይ ውኃ ጨምሮ ክዳኑን ያጠበቀ ሰው ውስጡ በሚፈጠረው ጋዝ በርሜሉ ሲያብጥና ሲተረተር ሊያይ ይችላል። ሊያጥበው ብሎ ነበር እኮ!

እንግዲህ ጥፋቱ ከቆራሌው፣ ከበያጁ ወይም በርሜሉን ከገዛችው ሴት የሚጀምር ከመሰላችሁ የጋዜጣ ጨረታ ገጽ አንብቡ። እኔ የዚያ ገጽ አዘውታሪ ነኝ፤ የአገሩን ጓዳ እንደሱ የሚያሳይ ገጽ የለም። መሥሪያ ቤቱ፣ ፕሮጀክቱ፣ ፋብሪካው ያገለገለ ጎማ፣ የሞተ ባትሪ፣ ቁርጥራጭ ብረትና ባዶ በርሜል "ባሉበት ሁኔታ" ይሸጣል። ተጫራቹ ሲፒኦ ያስይዛል፣ አሸናፊው በተሰጠው ቀን ውስጥ ያነሳል፣ ካላነሳ ያስያዘው ገንዘብ ይወረሳል። ለገንዘቡ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አለ። በርሜሎቹ ምን ይዘው እንደነበር ግን አይጻፍም። ያንን የሚያውቀው ደግሞ በዓለም ላይ ሻጩ ብቻ ነው፤ ከግቢው በር ሲወጡ እውቀቱ እዚያው ይቀራል።

ሕግ አጥተን አይደለም። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 አለ። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ። ድንበር ተሻጋሪውን መርዛማ ቆሻሻ የሚመለከቱትን የባዝልና የባማኮ ስምምነቶችም ተቀብለናል። ሁለቱም ስምምነቶች ቢሆኑ ከበርሜል ታሪክ ጋር የተያያዙ ናቸው። ጣሊያን ውስጥ ሴቬሶ ከደረሰው የ1976 የፋብሪካ አደጋ የተረፈ ዝቃጭ በ41 በርሜሎች ተጭኖ በ1982 ጠፋ፤ በዓመቱ ሰሜን ፈረንሳይ አንድ የተተወ ቄራ ውስጥ ተገኘ። በ1988 ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ የመርዝ በርሜሎች ከዚያችው ጣሊያን መጥተው ናይጄሪያ ኮኮ ወደብ በአንድ ሰው ግቢ ተከምረው ተገኙ፤ ለቦታው ኪራይ የሚከፈለው በወር 100 ዶላር ነበር። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የኛም ልምድ ቀላል አይደለም። ጊዜ ያለፈበት ፀረ ተባይ በየመጋዘኑ ዝጎና አንጠባጥቦ ሲገኝ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ውስጥ 1,500 ቶን ያህሉ እንደ አዲስ ታሽጎ የተቃጠለው ፊንላንድ ድረስ ተጭኖ ሄዶ ነው። እዚህ የሚያቃጥለው ምድጃ አልነበረንም።

ሙሉውን በርሜል እንዲህ በመርከብ ያስጫነች አገር ባዶውን ለምን በጨረታ ትለቀዋለች? መልሱ ዋጋ ነው። ባዶው በርሜል ገንዘብ ያወጣል። "ብሱና ጣሉ" የሚል መመሪያ ለፋብሪካው ገንዘብህን ቅደድ እንደማለት ስለሆነ አይሠራም፤ ለቆራሌው የሚሰጥ የግማሽ ቀን ሥልጠናም አይሠራም። የሚሠራውን ቢራ ጠማቂዎቻችን ሁላችንንም አስተምረውናል፤ ጠርሙስና ሳጥን ያላስያዘ ሰው ቢራ ጭኖ አይሄድም፣ ጠርሙሱም መንገድ ላይ ወድቆ አይቀርም። ኬሚካል አስመጪውም በእያንዳንዱ በርሜል ላይ ከመርካቶ ዋጋ ከፍ ያለ ማስያዣ ቢቀበል በርሜሉ በራሱ እግር ይመለሳል። ብራዚል ባዶ የፀረ ተባይ ዕቃ ገበሬው እንዲመልስ፣ አምራቹም እንዲረከብ በ2000 እ.ኤ.አ. በሕግ አስገድዳ ዛሬ አብዛኛውን ትሰበስባለች።

አጠባውም ያለ ቦታው ነው ያለው። በርሜልን በደህና ማጠብ የሚችለው ይዘቱን ያውቅ የነበረው ተጠቃሚ ነው፤ ሦስት ጊዜ አለቃልቆ እጣቢውን መልሶ እዚያው ምርቱ ወይም የመርጫው ታንክ ውስጥ ይጨምረዋል። እትዬ እጣቢውን የምትጨምርበት ታንክ የላትም።

"ዋጋ ይጨምራል" የሚሉኝ ይኖራሉ። ይጨምራል። አሁን ግን ወጪውን የሚሸፍኑት ሰማያዊ በርሜል ደጃፏ ላይ ያቆመችው ሴትና በፍንዳታ ዓይኑን የሚያጣው በያጅ ናቸው፤ ወጪው ከፋብሪካው የሒሳብ መዝገብ ውጪ ስለሆነ ብቻ የሌለ መሰለን።

ማስያዣው እስኪመጣ ድረስ የጨረታ ኮሚቴዎች ነገ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። የምግብ በርሜሉን ከኬሚካሉ ይለዩ፤ የምግቡን በቁጥር ይሽጡ። የኬሚካሉን አስጥበው፣ ብረቱን አስጨፍልቀው፣ ፕላስቲኩን አስፈጭተው በኪሎ ይሽጡት፤ ብረቱ ወደ ማቅለጫ፣ ፕላስቲኩ የኤሌክትሪክ መስመር መቅበሪያ ቱቦ ለሚሠራው ይሂድ። ገቢው እንደሚቀንስ አውቃለሁ። ኮሚቴው የሚፈራውም ይህንኑ ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ኦዲተር መጥቶ "በቁጥር ብትሸጡት እጥፍ ያወጣ አልነበረም ወይ?" ሲል የሚያሳዩት ወረቀት የላቸውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ለኦዲተሩ የሚታይ፣ የኬሚካል በርሜል ሳይጨፈለቅና ሳይፈጭ እንዳይሸጥ የሚከለክል አንድ ገጽ መመሪያ መጻፍ ነው።